የሰው ቁልፍ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ጋራዤ ቆርቆሮ ነው፣ አንድ አምፖል ያለበት።
ሐምሌ በባተ ሳምንት፣ በገመድ ተጎትቶ፣
አንድ አባዱላ መጣልኝ፣ ወንዝ እስከ አንገቱ ጠጥቶ።

ሽታዬ፣ ባለንብረቷ፣ ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ፣
«የስድስት ዓመት እቁቤ ነው» አለች፣ በሩን በክንዷ ነቅንቃ።
ሹፌሯ ዘርጋው ግን ዝም፤ ቁልፉን ብቻ አቀበለኝ፤
ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አልሰማኝ።

ክሩስኮቱ ላይ አለች ቀይ መብራት፣ የቁልፍ ሥዕል፣
ብልጭ ድርግም እያለች «ማን ነህ?» የምትል፤
ስሜን ብነግራት አትሰማ፣ ሊብሬ ባሳያት አታነብ፣
ሌባም ባለቤትም ለሷ አንድ ረድፍ፣ አንድ ሂሳብ።

(መታወቂያዬም እንዲሁ ናት። ወረዳው ሲከፈል ለሁለት፣
«እዚህ አይደለህም» ተብላ ተመለሰች በመስኮት።)

ሳጥኗን ከመሳቢያው ኋላ ፈትቼ ሳወጣት፣
ውስጧ ጭቃ ይዟል፣ አረንጓዴ ዝገት በልቷት።
«ሞታለች» አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
መርዶ ነጋሪ ይመስል እጄን በጨርቅ ጠርጌ።

መርካቶ ወረድኩ በማግስቱ፣ ሌላ ሳጥን ፍለጋ፤
ደላላው ከሸራ ሥር አወጣና እጁን ዘረጋ፦
«የታረደ መኪና ነው፣ ያልተነካ፣ አትጠራጠር።»
ዋጋ እንጂ ዘር አይጠየቅም በዚያ ሰፈር።
እኔም አልጠየቅሁ። ከፈልኩ። በፌስታል ጠቅልዬ ተሳፈርኩ፣
ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እስከ ቱሉ ዲምቱ ዝም አልኩ።

ገጠምኳት፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሽታዬ ለእልልታ አፏን ከፈተች፤
ሁለት ሰከንድ። በሦስተኛው ታፈነ፤ ያቺ ቀይ ተመልሳ መጣች።
የሰው ሳጥን ናት፤ የሰው ቁልፍ ታውቃለች፤
ተፈትታ፣ ተሽጣ፣ በፌስታል ተጠቅልላም ጌታዋን ትጠብቃለች።

ላፕቶፔን ከፍቼ ሆዷን ሳነብ፣ ፊደልና ቁጥር፣
አሥራ ሰባት አሃዝ አገኘሁ፤ የሌላ መኪና ስም ነበር።
አንድ ሰው አለ ማለት ነው፣ ሰበታ ወይ ለገጣፎ፣
ከደጁ ያቆመው መኪና በአንድ ሌሊት ተዘርፎ፣
ቁልፉን ግን ዛሬም ከሳንቲም ጋር ኪሱ ውስጥ የሚያንኳኳው፣
ሊጥለው አውጥቶ፣ አይቶ፣ መልሶ የሚከተው።

ምን ላድርግ? ሽታዬ በሩ ላይ ናት፣ እቁቧ ጭቃ ነክቷል፤
ዘርጋው ከትናንት ጀምሮ ጫት እንኳ መቃም ትቷል።

ከሞተችው ሳጥን ላይ አንዲት ፍሬ ነቀልኩ፣
የምስር ክክ የምታህል፣ ባለ ስምንት እግር፤ አጠብኩ።
ትዝታዋ እሷ ውስጥ ነው፤ ውሃው ያልደረሰባት፣
ይህን ያረጀ ቁልፍ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።
የእንግዳዋን ፍሬ አነሣሁ፤ ስታኞው ሲቀልጥ፣ ሲጨስ፣
መብራት ጠፋ! ስድስተኛው እግር ላይ ደርሼ፣ ልጨርስ።
«ስልክህን አብራ፣ ዘርጋው! እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ ቀስ!»
ትንፋሼን ይዤ ሰባተኛውን።
ስምንተኛውን።

ከዚያ ቁልፍ። አንድ ሰከንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ቀይዋ ጠፋች።
ሞተሩ ሲያጓራ ቆርቆሮዬ ተንቀጠቀጠ፤
ሽታዬ እልልታዋን ረሳችው፤ ጎማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣
እንባዋ ሳይደርቅ ዋጋ ተከራከረች።
ሁለት ሺህ ቀነሰችኝ። ይሁን።

የእንግዳዋን ፍሬ አልጣልኳትም፤ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አለች፣
ቁጥሯ ክዳኑ ላይ ተጽፎ፣ ከብሎን ጣሳው ጎን ተቀምጣለች።
ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ ብዬ ሁለቴ ጫማዬን አሰርኩ፤
«ከየት ገዛህ?» ቀጥሎም «መታወቂያ?» ሲሉኝ ታየኝና ፈታሁ፣ ተውኩ።

ስለዚህ፣ በዚህ በኩል፣ ከእርሻው ማዶ፣ ጭቃው ላይ፣
የመኪና ቁልፍ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚያይ፣
ወደ ቆርቆሮው ይምራልኝ፣ አንድ አምፖል ወዳለበት፤
መብራት ካለ።